ቁልፉን ለሚጫነው ሰው ንገሩት

ለተከበራችሁ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ባለቤቶችና አስተዳዳሪዎች፣
ለተከበራችሁ የኑክሌር ደኅንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣

ሰላምታችንን እናስቀድማለን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በኑክሌር ማመንጫ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ በፈረቃ የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። ሪአክተሩን (የኑክሌር ምላሹ የሚካሄድበትን ምድጃ) የምናስነሳው፣ የምንከታተለውና ሲያስፈልግ የምናጠፋው እኛ ነን። ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ ጠቋሚዎቹና ቁልፎቹ ባሉበት መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ፊት የምንቀመጠውም እኛው ነን።

ለመጻፍ ያነሳሳን አንድ ውሳኔ ነው። ከሌሎች ማመንጫዎች የሚመጡ የብልሽትና የአደጋ ሪፖርቶች ከእንግዲህ በሙሉ ቃላቸው ለፈረቃ ሠራተኛ እንዳይደርሱ በምንሠራበት ማመንጫ ተወሰነ። ሪፖርቱ ቢሮ ይቀራል። ለእኛ የሚለጠፍልን አንድ ገጽ ማጠቃለያ ነው። ለምን ብለን ጠየቅን። "ሠራተኛው በወረቀት ብዛት እንዳይጨናነቅ ነው" ተባልን። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አመለከትን። "የውስጥ አስተዳደር ጉዳይ ነው" የሚል አጭር መልስ መጣ። በቃ፣ ፋይሉ ተዘጋ።

ለእኛ ግን አልተዘጋም። የሙያችንን ትልልቅ አደጋዎች አንድ በአንድ ስናያቸው የሚደጋገም ነገር አለ። አደጋው ከመድረሱ በፊት ችግሩን የሚያውቅ ሰው ነበር። ያ ሰው ሰሌዳው ፊት አልነበረም። ሰሌዳው ፊት ለተቀመጠው ደግሞ የነገረው የለም።

በያኔዋ ሶቪየት ኅብረት፣ ዩክሬን ውስጥ ከነበረው የቼርኖቢል ማመንጫ እንጀምር። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምንጠቅሰው።)

ቀኑ ኤፕሪል 26፣ 1986 ነው። በአራተኛው ሪአክተር ላይ ሙከራ እየተካሄደ ነበር። የሚገርመው፣ ሙከራው የደኅንነት ሙከራ ነው። ማመንጫው ከውጭ የሚያገኘው ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ፣ የናፍጣ ጄኔሬተሮቹ እስኪነሱ ድረስ ተርባይኑ በቀረው ሽክርክሪት ብቻ ለውሃ ፓምፖቹ ኃይል ሊሰጥ ይችላል ወይ? ይህን ለማወቅ ነበር።

ሥራው የታሰበው ለቀን ፈረቃ ነበር። ነገር ግን ከኪየቭ የኤሌክትሪክ ሥርጭት ኃላፊው "ኃይል ያስፈልገናልና ቆዩ" አለ። ዘጠኝ ሰዓት ያህል ተጠበቀ። በመጨረሻ ሙከራው ብዙም ያልተዘጋጀበት የሌሊት ፈረቃ እጅ ላይ ወደቀ። የፈረቃው ኃላፊ አሌክሳንደር አኪሞቭ ነበር። ሪአክተሩን በቀጥታ የሚቆጣጠረው ሊዮኒድ ቶፕቱኖቭ ገና የ25 ዓመት ወጣት ነው። በዚያ የሥራ መደብ ላይ ከተቀመጠ ጥቂት ወራት ቢሆነው ነው። ፈረቃ ተረክቦ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ሆዱ ይባባል። ቀን የታቀደ ሥራ ሌሊት ሲመጣብህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልገንም።

ኃይሉን ሲቀንሱ ድንገት አመለጣቸውና እስከ 30 ሜጋዋት ወረደ። እንደምንም መልሰው 200 ላይ አረጋጉት። የሙከራው ዕቅድ የሚለው ከ700 እስከ 1000 ሜጋዋት ነበር። ኃይሉን ለመመለስ የኑክሌር ምላሹን የሚገቱትን መቆጣጠሪያ ዘንጎች ከእምብርቱ (ነዳጁ ካለበት ከሪአክተሩ መሐል) እያወጡ እያወጡ፣ ውስጥ የቀሩት በጣም ጥቂት ሆኑ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ ሙከራው ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ አዜ-5 የሚባለው ቁልፍ ተጫነ። ይህ ቁልፍ ዘንጎቹን በሙሉ ወደ ውስጥ አስገብቶ ሪአክተሩን የሚያጠፋ የአደጋ ጊዜ ቁልፍ ነው። ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል የሚቀርህ እሱ ነው። ቁልፉ በተጫነ በሴኮንዶች ውስጥ ሪአክተሩ ፈነዳ።

ማጥፊያው እንዴት አፈነዳ? ከእያንዳንዱ ዘንግ ሥር ግራፋይት (የካርቦን ዓይነት) ተያይዟል። ዘንጉ እስከ መጨረሻው ወጥቶ ከነበረ፣ ሲወርድ መጀመሪያ የሚሆነው ግራፋይቱ በታች በኩል ያለውን ውሃ ገፍቶ ማስወጣቱ ነው። ውሃው ምላሹን የሚያስቀጥሉትን ቅንጣቶች፣ ኒውትሮኖችን፣ ይውጣል። ግራፋይቱ ግን የኑክሌር ምላሹን ያግዛል። ስለዚህ በእምብርቱ ታችኛ ክፍል ኃይሉ መቀነስ ሲገባው ለአፍታ ይጨምራል። ውሃው ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ደግሞ ኃይሉ ይበልጥ ይጨምራል። የዚህ ዓይነት ሪአክተር ጠባዩ እንዲህ ነበር። ዘንጎቹ እስከ ታች ለመድረስ 18 ሴኮንድ ያህል ይፈጅባቸው ነበር። ያን ያህል ጊዜ አልነበረም።

የሚያናድደው ግን ሌላ ነው። ጉድለቱ ይታወቅ ነበር። በ1983 መጨረሻ ሊቱዌኒያ ውስጥ የኢግናሊና ሪአክተር ሥራ ሲጀምር በተደረገው ፍተሻ በግልጽ ታይቷል። ዲዛይኑን የሠራው ተቋም ስለ ጉዳዩ ደብዳቤ ጻፈ፣ ማስተካከያ እንደሚደረግም አሳወቀ። ማስተካከያው ቼርኖቢል አልደረሰም። ከዚያም በፊት፣ በ1975፣ በሌኒንግራድ ማመንጫ የዚሁ ዓይነት ሪአክተር ላይ የነዳጅ ጉዳት ያስከተለ አደጋ ደርሶ ነበር። ዝርዝሩ በምስጢር ተያዘ። በሌሎቹ ማመንጫዎች ሰሌዳ ፊት ለተቀመጡት ትምህርቱ አልደረሳቸውም።

ደንቡ እምብርቱ ውስጥ ቢያንስ ከ15 ዘንግ ጋር የሚመጣጠን መከላከያ እንዲኖር ያዝዛል። ሠራተኞቹ ቁጥሩን ያውቁታል። ለምን 15 እንደሆነ ግን የነገራቸው የለም። ኃይሉን በእምብርቱ ውስጥ አመጣጥኖ ለማሰራጨት የሚረዳ ነገር እንጂ የደኅንነት ገደብ አይመስላቸውም ነበር። ከዚያ በታች ሲወረድ የማጥፊያው ቁልፍ ራሱ አደገኛ እንደሚሆን መመሪያቸው ላይ አልተጻፈም። ቁጥሩም እንደ ሌሎቹ ንባቦች ሰሌዳው ላይ ዓይናቸው ሥር አይታይም። ኮምፒውተሩ አስልቶ እስኪያትም ይጠበቃል። በኋላ ሲሰላ በዚያች ሰዓት የቀረው 8 ያህል ነበር።

ስህተት አልሠሩም አንልም። ከ15 በታች ሲወርዱ ማጥፋት ነበረባቸው። ሙከራውን ለመጨረስ መቻኮልም ነበር። ግን ምክንያቱ ያልተነገረ ደንብ ሥራ ሲያጣድፍ መጀመሪያ የሚሸራረፈው እሱ ነው። ይህን የትኛውም ፈረቃ ላይ ያለ ሰው ያውቀዋል።

ከፍንዳታው በኋላ አኪሞቭና ቶፕቱኖቭ ሸሽተው አልወጡም። ሪአክተሩ ገና ያለ መስሏቸው ውሃ ለማስገባት ቫልቭ በእጃቸው ሲከፍቱ አነጉ። ሁለቱም በጨረር ሕመም በሜይ ወር ሞቱ። የዚያ ሌሊት ሠራተኞችንና የእሳት አደጋ ተከላካዮችን ጨምሮ 134 ሰዎች በአጣዳፊ የጨረር ሕመም መያዛቸው ተረጋግጧል። ከእነሱ 28ቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት አለፉ።

ቀጥሎ የመጣው ሁለተኛው በደል ነው። በኦገስት 1986 የሶቪየት ልዑክ ቪየና ላይ ሪፖርት አቀረበ። ዋናው ጥፋት የሠራተኞቹ ነው ተባለ። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አማካሪ ቡድንም በዚያው ዓመት ያንኑ ይዞ ጻፈ። በ1987 በቼርኖቢል ከተማ ፍርድ ቤት ስድስት ሰዎች ቀረቡ። የማመንጫው ዳይሬክተር፣ ዋና መሐንዲሱና ምክትሉ እያንዳንዳቸው 10 ዓመት ተፈረደባቸው። ሪአክተሩን ዲዛይን ካደረጉት መካከል አንድ ሰው አልቀረበም። የአኪሞቭና የቶፕቱኖቭ ክስ የተዘጋው ጥፋተኛ አይደሉም ተብሎ ሳይሆን ስለሞቱ ነው። አባቶች "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" የሚሉት ይህንኑ ነው።

እውነቱ እስኪወጣ ስድስት ዓመት ፈጀ። በ1992 ያው አማካሪ ቡድን ሁለተኛ ሪፖርት አወጣ። የሠራተኞች ጥሰት ተብለው ከተዘረዘሩት አንዳንዶቹ ጭራሽ ጥሰት እንዳልነበሩ አመነ። ለምሳሌ ከ700 ሜጋዋት በታች መሥራትን በግልጽ የሚከለክል ደንብ አልነበረም። የዘንጎቹ ዲዛይንና የመረጃው መደበቅ በትልቁ ተጠያቂ ሆኑ። ዩክሬን ለአኪሞቭና ለቶፕቱኖቭ ኒሻን የሰጠችው በ2008 ነው። ቤተሰቦቻቸው እስከዚያ ድረስ ምን ስም ተሸክመው እንደኖሩ እናንተው አስቡት።

ይህን ሁሉ የምናነሳው ታሪክ ለማውራት አይደለም። ዛሬም በምንሠራበት ማመንጫ የብልሽት ማመልከቻ ቅጹ ላይ መንስኤ ተብሎ በመጀመሪያ የተቀመጠው ሳጥን "የሰው ስህተት" ነው። እሱ ላይ ምልክት ከተደረገ ምርመራው በዚያው ያልቃል። ሠራተኛው ድጋሚ ሥልጠና ይወስዳል፣ ፋይሉ ይዘጋል። ሰሌዳው ለምን እንዲያ እንዳሳሳተው፣ መመሪያው ለምን እንዳልገባው የሚጠይቅ የለም። የመመሪያዎቻችን አብዛኛው ክፍልም እንደዚያ ዘመኑ 15 ነው። ከዚህ አትውረድ፣ ከዚያ አትለፍ ይላል። ብወርድስ ምን ይሆናል ለሚለው መልስ የለውም።

ደግሞ ይህ የሶቪየቶች ጉዳይ ነው ብሎ የሚያልፈው እንዳይኖር። ከቼርኖቢል ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ማርች 28 ቀን 1979፣ አሜሪካ ውስጥ በስሪ ማይል አይላንድ ማመንጫ የደረሰው ያው ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። ሰሌዳው ላይ ያለው መብራት ግን ቫልቩ ተዘግቷል የሚል ይመስል ነበር። ለካ መብራቱ የሚያሳየው ለቫልቩ "ተዘጋ" የሚል ትእዛዝ መላኩን ብቻ ነው። መዘጋቱን አያሳይም። ከመቶ በላይ የማስጠንቀቂያ ደወሎች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተደበላለቁ። ሠራተኞቹ የውሃው መጠን በዝቷል ብለው የአደጋ ጊዜ ውሃውን ቀነሱ። የሠለጠኑት እንዲያ ነበር። ውሃው ከሁለት ሰዓት በላይ በተከፈተው ቫልቭ ሲያመልጥ ቆየ። ከእምብርቱ ግማሽ ያህሉ ቀለጠ።

ይኸው ብልሽት ከዚያ አንድ ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር 1977፣ ኦሃዮ ግዛት በሚገኘው ዴቪስ ቤሲ ማመንጫ ደርሶ ነበር። አንድ ዓይነት ሪአክተር፣ አንድ ዓይነት ቫልቭ፣ ውሃውን መቀነሱም ሳይቀር አንድ ዓይነት። ሪአክተሩ በዝቅተኛ ኃይል ላይ ስለነበረና ሠራተኞቹም በ20 ደቂቃ ገደማ ስለነቁበት ብዙ ጉዳት አልደረሰም። በአምራቹ ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ መሐንዲስ "ለሁሉም ማመንጫዎች ማስጠንቀቂያ ይላክ" ብሎ ጻፈ። ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ከረመ። ስሪ ማይል አይላንድ ፈረቃ ላይ ለነበሩት አልደረሳቸውም።

እንግዲህ "ማጠቃለያ ይበቃችኋል" ስትሉን ወደ አእምሯችን የሚመጣው ያ ደብዳቤ ነው። አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ከለጠፋችሁልን ማጠቃለያዎች አንዱ "ሠራተኛው መመሪያውን ሳይከተል ፓምፕ አቆመ" ይላል። በሌላ ክፍል የሚሠራና ሙሉውን ሪፖርት ያነበበ ባልደረባ ኋላ ላይ እንደነገረን፣ ያ ሰው ፊት የነበረው ጠቋሚ የተሳሳተ ንባብ ይሰጥ ነበር። የእኛም ሰሌዳ ላይ ያለው ጠቋሚ የዚያው ሥሪት ነው። ከአንድ ገጹ ላይ የተቆረጠችው መስመር ለእኛ የምታስፈልገን መስመር ነበረች። የቆረጣት ሰው ክፉ ነው አንልም። ሰሌዳው ፊት ተቀምጦ ስለማያውቅ የትኛዋ መስመር ለእኛ ሕይወት እንደሆነች አያውቅም።

ከቼርኖቢል በኋላ ምንም አልተለወጠም ማለትም ሐሰት ይሆናል። ብዙ ተለውጧል። የቀሩት የዚያ ዓይነት ሪአክተሮች ዘንጎቻቸው ተቀየሩ፣ በነዳጃቸው ውስጥ ለኑክሌር ምላሹ የሚውለው የዩራኒየም ዓይነት ድርሻ ከ2 ወደ 2.4 በመቶ ከፍ አለ፣ ተጨማሪ ኒውትሮን የሚውጡ ዘንጎች ገቡባቸው። ያ 15 የነበረው ቁጥር ከ40 በላይ ሆነ። የማጥፊያው ፍጥነት ጨመረ። አደጋ ሲደርስ ለጎረቤት አገሮች ቶሎ ማሳወቅን የሚያስገድደው ስምምነት በዚያው በ1986 ተፈረመ። ያኔ ስዊድን ጉዱን ያወቀችው ፎርስማርክ ማመንጫ ውስጥ የራሷ መሣሪያዎች ጨረር ሲይዙ እንጂ ማንም ነግሯት አልነበረም። የማመንጫ ባለቤቶች እርስ በርስ ልምድ የሚለዋወጡበት ዓለም አቀፍ ማኅበር በ1989 ሞስኮ ላይ ተመሠረተ። በ1994 ደግሞ የኑክሌር ደኅንነት ስምምነት ጸደቀ። "የደኅንነት ባህል" የሚለው፣ ዛሬ በየግድግዳችሁ የተለጠፈው ቃልም ከዚያ አደጋ ነው የተወለደው።

ችግሩ መረጃው አገር ከአገር ይሻገራል፣ ማመንጫ ከማመንጫ ይሻገራል፣ ከዚያ ከቢሮ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል ያለውን ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። በባለቤቶች መካከል የሚደረገው የእርስ በርስ ግምገማ ሪፖርት ለሕዝብ የሚወጣ አይደለም። እሺ፣ ለዚያ ምክንያት አላችሁ። ማመንጫዎች ገመናቸውን በነፃነት እንዲያወጡ ይረዳል ትላላችሁ፣ አንከራከርም። ግን እኛ ሕዝብ አይደለንም። ቁልፉን የምንጫነው እኛ ነን።

ጃፓን ውስጥ ያለውን የፉኩሺማ ማመንጫ እንይ። ማርች 11 ቀን 2011 ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ላይ የመሬት መንቀጥቀጡ ሲደርስ ሥራ ላይ የነበሩት ሦስቱ ሪአክተሮች በራሳቸው ቆሙ። እስከዚህ ሁሉም ደህና ነበር። አንድ ሰዓት ሳይሞላ 14 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የባሕር ማዕበል መጣ። ማመንጫው የሚጠብቀው ማዕበል 5.7 ሜትር ነበር። የናፍጣ ጄኔሬተሮቹም የኤሌክትሪክ ሰሌዳዎቹም ውሃ ዋጣቸው። ኩባንያው በ2008 ባሠራው ስሌት ማዕበሉ እስከ 15.7 ሜትር ሊደርስ እንደሚችል ታይቶ ነበር። "ተጨማሪ ጥናት ይደረግ" ተብሎ ግንቡ ሳይሠራ ቀረ። ለመሬት መንቀጥቀጡ ማዕከል ይበልጥ ቅርብ የነበረው የኦናጋዋ ማመንጫ ገና ሲሠራ ወደ 15 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠ ተረፈ።

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ የሆነውን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። መብራት ጠፋ። ጠቋሚዎቹ ሞቱ። ሠራተኞቹ ከመኪና ባትሪ እየፈቱ አምጥተው ንባብ ለማየት ሞከሩ። የአንደኛው ሪአክተር ያለ ኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነበረው። ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ ግን ቫልቮቹ ተዘጉ። የአደጋ ጊዜ አመራሩ እየሠራ ነው ብሎ ለሰዓታት ቆየ። ፈረቃው ላይ ከነበሩት መካከል ያንን መሣሪያ ከዚያ በፊት በእውን አስነስቶት የሚያውቅ አልነበረም። እንፋሎቱ ሲወጣ ምን እንደሚመስልና ምን ያህል እንደሚጮህ ማን አይቶ ያውቃል? ቢያውቁት ኖሮ ወደ ውጭ አንድ ጊዜ አይቶ መሥራት አለመሥራቱን መለየት ይቀል ነበር።

እኛም ሰሌዳ ላይ እንዲህ ያሉ፣ በስማቸው ብቻ የምናውቃቸው መሣሪያዎች አሉ። መቆጣጠሪያ ክፍሉን በሚመስለው መለማመጃ፣ በሲሙሌተር ላይ፣ የምንለማመድበት ጊዜ ደግሞ በወጪ ቅነሳ ስም ተቆርጧል። የቀረውም ለፈተና የሚመጡ የታወቁ አደጋዎችን መድገም ነው። የትኛው እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ፈታኙም እንደምናውቅ ያውቃል። ሁሉም መሣሪያ ሲጠፋ፣ ጠቋሚው ሲዋሽ፣ ሁለት አደጋ አንድ ላይ ሲመጣ የምንለማመድበት ቀን የለም።

ከፉኩሺማ ሌላም ነገር እናንሳ። የማመንጫው ኃላፊ ማሳኦ ዮሺዳ ሪአክተሩን ለማቀዝቀዝ የባሕር ውሃ ማስገባቱን አቁም የሚል ትእዛዝ ከኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ሲመጣለት እሺ ያለ መስሎ ሥራውን አላቋረጠም። በቦታው ያለው እሱ ነው። የሚያየውም እሱ ነው። ያደረገው ትክክል ነበር። ጥያቄያችን ግን ይህ ነው፦ ትክክለኛውን ነገር ለመሥራት ማስመሰል ለምን አስፈለገው?

የእኛንም ልንገራችሁ። አንድ ባልደረባችን ንባቦቹ እርስ በርስ አልገጥም ቢሉት ተጠራጥሮ ሪአክተሩን አቆመ። ኋላ ላይ የተበላሸው አንድ ዳሳሽ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሪአክተር ሲቆም እያንዳንዱ ሰዓት ገንዘብ እንደሆነ እናውቃለን። ማንም "ጥፋተኛ ነህ" አላለውም። ብቻ የዚያ ዓመት ማበረታቻው ቀረበት፣ እድገቱም ወደ ሌላ ሰው ሄደ። ከዚያ ወዲህ የሚጠራጠር ሰው ቁልፉን ከመንካቱ በፊት ሦስት ቦታ ይደውላል። ቼርኖቢል ላይም ኤሌክትሪክ ይፈለጋል ተብሎ ነው የቀን ሥራ ሌሊት የተሠራው።

ይህ ነገር ዛሬም ሕይወት ያለው ጉዳይ ነው። በፌብሩዋሪ 2022 የሩሲያ ጦር ቼርኖቢልን ሲይዝ ፈረቃ ላይ የነበሩት ሠራተኞች ሳይቀየሩ ከሦስት ሳምንት በላይ እዚያው ቆዩ። መሣሪያ በታጠቁ ሰዎች መካከል በሥራ ቦታቸው እያደሩ ያገለገለውን የኑክሌር ነዳጅ ሲጠብቁ ከረሙ። በማርች መጀመሪያ ላይ ደግሞ ስድስት ሪአክተሮች ያሉትና በአውሮፓ ትልቁ የሆነው የዛፖሪዥያ ማመንጫ ተያዘ። ዓለም አቀፉ ኤጀንሲ ያኔ ሰባት የደኅንነት ምሰሶዎችን ዘረዘረ። ሦስተኛው የሚለው ሠራተኞች ያለ አግባብ ጫና ውሳኔ መስጠት መቻል አለባቸው ነው። ይህን ስናነብ ደስ አለን፣ ትንሽም ገረመን። ለጦር ሜዳ የታሰበው መብት ለሰላሙ ጊዜ ፈረቃ ለምን ይበዛበታል? የማበረታቻ መቁረጥ ጠመንጃ አይደለም። ጫና ግን ነው።

በዲሴምበር 2023 ዱባይ ላይ ከ20 በላይ አገሮች የኑክሌር ኃይልን እስከ 2050 ሦስት እጥፍ ለማድረግ ተስማምተዋል። አዳዲስ ሠራተኞች ይመጣሉ። ብዙ ትናንሽ ሪአክተሮችን ከአንድ ክፍል፣ በጥቂት ሰው ለመምራት የታሰቡ ዲዛይኖችም እየመጡ ነው። "ይህኛው ራሱን በራሱ ይጠብቃል" እየተባልን ነው። ሊሆን ይችላል። ጥሩ ዲዛይን እንወዳለን፣ ከእኛ በላይ የሚወደውም የለም። ነገር ግን ዲዛይነሩ የሚያውቃት እያንዳንዷ ድክመት ለእኛም ትነገረን።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

ከሁሉ በፊት የሪፖርት ክልከላው ይነሳ። ከሌሎች ማመንጫዎች የሚመጣ ማንኛውም የብልሽትና የአደጋ ሪፖርት በሙሉ ቃሉ መቆጣጠሪያ ክፍል ይግባ። ማጠቃለያ ማዘጋጀት ከፈለጋችሁ ይዘጋጅ፣ ከሙሉው ጋር እንጂ በሙሉው ፋንታ አይሁን። ማጠቃለያውን ከሚጽፉት መካከል ቢያንስ አንዱ ፈረቃ ላይ ያለ ሰው ይሁን።

በመመሪያዎቻችን ላይ ያለ እያንዳንዱ የደኅንነት ገደብ ከምክንያቱ ጋር ይጻፍ። ገደቡ ሲጣስ ሪአክተሩ ምን እንደሚያደርግ በሁለት መስመር ይገለጽ። ብዙ ወረቀት ይሆናል የምትሉ ከሆነ፣ ያንን ወረቀት ማንበብ አይከብደንም።

ዲዛይነሩ ወይም አምራቹ በመሣሪያው ላይ ያገኘው ድክመት ማስተካከያው እስኪመጣ ሳይጠበቅ ለፈረቃ ሠራተኛ በጽሑፍ ይድረስ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መድረሱን ፈረቃው ድረስ መጥቶ ያረጋግጥ። ፋይል ውስጥ መኖሩን ማየት አይበቃም።

የሲሙሌተር ጊዜው ወደ ነበረበት ይመለስ። ያልተጠበቁና የተደራረቡ አደጋዎች ይጨመሩበት። ሰሌዳው ላይ ያለ እያንዳንዱ የአደጋ ጊዜ መሣሪያም፣ ደኅንነት እስከፈቀደ ድረስ፣ ከእያንዳንዱ ፈረቃ ሰው ባለበት በእውን ይፈተሽ።

በጥርጣሬ ሪአክተር ያቆመ ሰው፣ ጥርጣሬው ልክ ባይሆንም እንኳ፣ በደመወዙም በእድገቱም እንዳይጎዳ በጽሑፍ ዋስትና ይሰጥ። ማበረታቻ ሪአክተሩ ሳይቆም ከሠራበት ሰዓት ጋር መያያዙ ይቅር። የባልደረባችን ጉዳይም እንደገና ይታይ።

የብልሽት ቅጹ ላይ "የሰው ስህተት" የሚለው ሳጥን ይውጣ። በምትኩ ሠራተኛው ምን ያይ እንደነበር፣ ምን ተነግሮት እንደነበርና ምን እንዳልተነገረው የሚጠይቁ ባዶ መስመሮች ይግቡ።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። "የውስጥ አስተዳደር ጉዳይ ነው" የሚለውን መልስ ግን ተቀብለነዋል፣ ድጋሚ ባትልኩልን ደስ ይለናል።

ከማክበር ጋር፣
የመቆጣጠሪያ ክፍል የፈረቃ ኃላፊዎች፣ የሪአክተር ኦፕሬተሮችና የተርባይን ኦፕሬተሮች

ግልባጭ፦
ለማመንጫው ሠራተኛ ማኅበር
ለሌሎች ማመንጫዎች የፈረቃ ባልደረቦቻችን